አንድ ስም፣ ሁለት ብረት፦ በሌዘር የታተመ አረብ ብረት ጥንካሬውን ከየት ያመጣዋል?

ሁለት ዘንጎች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል እንበል። ሁለቱም 316ኤል የሚባለው ስቴንለስ ስቲል ናቸው። ቢመረመሩ የክሮሚየማቸው፣ የኒኬላቸውና የሞሊብዲነማቸው መጠን አንድ ነው። የሚለያዩት በአሠራር ብቻ ነው። አንደኛው በተለመደው መንገድ ቀልጦ፣ በሮለር ተዳምጦ፣ በመጨረሻም በሙቀት ለስልሶ የወጣ ነው። ሌላኛው ከዱቄት ተነስቶ በሌዘር ንብርብር በንብርብር የታተመ ነው።

አሁን እንጎትታቸው። ማንኛውም ብረት ሲጎተት እስከ አንድ ገደብ ድረስ ቢለቁት ወደ ቁመቱ ይመለሳል። ገደቡን ካለፈ ግን እንደተለጠጠ ይቀራል። ለተለመደው 316ኤል ደረጃው የሚጠይቀው ይህ ገደብ ቢያንስ 170 ሜጋፓስካል እንዲሆን ነው፤ ሜጋፓስካል በአንድ ስፋት ላይ የሚያርፍ ኃይል መለኪያ ነው። በተግባር ከ200 እስከ 300 ቢደርስ አይገርምም። የታተመው ዘንግ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ450 እስከ 600 ሜጋፓስካል ይችላል። እጥፍና ከዚያ በላይ ማለት ነው። ምንም የተጨመረበት ነገር የለም።

ታዲያ ጥንካሬው ከየት መጣ? ካለፈበት እሳት ነው።

ስለ ታተመ ብረት ሲወራ ሁሌም የሚነሳው «ከተለመደው ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» የሚለው ጥያቄ ነው። እኔ ጥያቄው ራሱ ጠማማ ይመስለኛል። በዚህ አሠራር የብረቱ ስም ብዙ አይነግረንም። የሚነግረን የሙቀት ታሪኩ ነው፤ ስንት ጊዜ ጋለ፣ በምን ፍጥነት ቀዘቀዘ፣ እንደገና መቼ ጋለ። ይህ ታሪክ ደግሞ በአንድ ዕቃ ውስጥ እንኳ ከጥግ ጥግ ይለያያል። ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ሌዘሩ ሥር

አሠራሩን በአጭሩ እንየው። አየር በማይገባበት ክፍል ውስጥ፣ ጠፍጣፋ መድረክ ላይ፣ በጣም የደቀቀ የብረት ዱቄት ይነጠፋል። የእያንዳንዱ ፍሬ ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 45 ማይክሮሜትር ነው። የንጣፉ ውፍረት ደግሞ ከ20 እስከ 60 ማይክሮሜትር ይሆናል። የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮሜትር አካባቢ መሆኑን አስቡት። ብረቱ ከኦክስጅን ጋር እንዳይጣላ ክፍሉ በአርጎን ወይም በናይትሮጅን ይሞላል። ከዚያ ሌዘሩ ይመጣል። በሴኮንድ አንድ ሜትር ያህል እየተጓዘ የሚፈለገውን ቅርፅ ይስላል፤ ያለፈበትን ዱቄት ያቀልጣል፤ ከሥር ያለውንም ንብርብር በመጠኑ መልሶ ያቀልጣል። መድረኩ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ አዲስ ዱቄት ይነጠፋል፤ እንደገና ከመጀመሪያው። አንድ መካከለኛ ዕቃ ይህን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይደጋግማል።

ልምድ ያለው በያጅ ቢያየው «ይኼ ብየዳ ነው እኮ!» ይላል። አልተሳሳተም። ከላይ እስከ ታች ብየዳ ብቻ የሆነ ዕቃ ማለት ነው። ሐሳቡም አዲስ አይደለም። በጀርመን አኸን የሚገኘው የፍራውንሆፈር የሌዘር ቴክኖሎጂ ተቋም መሠረታዊውን ፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

የሚለየው ፍጥነቱ ነው። ሌዘሩ የሚፈጥረው የቀለጠ ኩሬ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም። ዙሪያውን ደግሞ ቀዝቃዛ ብረት ከቦታል። ስለዚህ ሙቀቱ ወዲያው ተመጦ ይሄዳል። የመቀዝቀዣ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከመቶ ሺህ እስከ አስር ሚሊዮን ዲግሪ ይገመታል። በሚሊዮን ዲግሪ ካሰላነው ከቀለጠበት እስከ ክፍል ሙቀት ለመውረድ ከ2 ሚሊሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃል። የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ መንከር ከዚህ ጋር ሲወዳደር የእንቅልፍ ያህል ዘገምተኛ ነው።

እንዲህ በጥድፊያ የረጋ ብረት ውስጡ ሌላ ይሆናል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ብረት ሲታጠፍ ምን እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል። ብረት በተሠራባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች ውስጥ አተሞች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። ሰልፉ ግን ፍፁም አይደለም፤ እዚህም እዚያም የተዛነፈ መስመር አለው። ዲስሎኬሽን ይባላል። ብረት የሚታጠፈው አተሞቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለተንቀሳቀሱ ሳይሆን እነዚህ የተዛነፉ መስመሮች ስለሚንሸራተቱ ነው። ብረትን ማጠንከር ማለት እንግዲህ በመንገዳቸው ላይ እንቅፋት መደርደር ነው። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

አንዱ እንቅፋት የክሪስታሎች ድንበር ነው። ክሪስታሎቹ ባነሱ ቁጥር ድንበሩ ይበዛል፤ ብረቱም ይጠነክራል። ይህን ግንኙነት ሆል የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1951፣ ፔች የተባለው ደግሞ በ1953 በቀመር አስቀምጠውታል፤ እስካሁን በስማቸው ይጠራል። ሌላው እንቅፋት የራሳቸው የዲስሎኬሽኖቹ መጠላለፍ ነው። በታተመው 316ኤል ውስጥ የተገኘውም ይኸው ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እያንዳንዱ ክሪስታል ውስጥ እንደ ማር እንጀራ የተከፋፈሉ ክፍሎች አሉ። ስፋታቸው ከ1 ማይክሮሜትር በታች ነው። ግድግዳቸው የተጠላለፈ ዲስሎኬሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካው ሎረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ የሚመራ ቡድን በኔቸር ማቴሪያልስ መጽሔት ላይ ይህን በዝርዝር ሲያሳይ ብዙዎችን ያስገረመው ጥንካሬው ብቻ አልነበረም። ብረቱ ጠንክሮም የመለጠጥ አቅሙን አላጣም። አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ስትይዝ ሌላው ያመልጥሃል።

ከባዱ ሚዛን

እውነቱን ለመናገር 316ኤል ከባለ ከፍተኛ ጥንካሬ ብረቶች ተርታ አይመደብም። የጀመርኩት በእሱ የሆነው ነገሩን ፍንትው አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። ከባዱ ሚዛን ላይ ያሉት ሺህና ከዚያ በላይ ሜጋፓስካል የሚሸከሙት ናቸው። እነሱ ዘንድ ዋናው ተዋናይ ማርተንሳይት ነው። ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው አዶልፍ ማርተንስ ነው።

አረብ ብረት ሲግል አተሞቹ ኦስተናይት የሚባል አሰላለፍ ይይዛሉ። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ አተሞቹ ተረጋግተው ቦታቸውን ይለውጣሉ፤ ካርቦኑም መሄጃውን ያገኛል። በጥድፊያ ከቀዘቀዘ ግን ጊዜ የለም። አሰላለፉ በአንድ ጊዜ ይዘላል፤ ካርቦኑ መሐል ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። የሚወጣው ማርተንሳይት በጣም ጠንካራ ነው። ካርቦኑ ከበዛ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል።

ሌዘር የሚያስበው ስለ ፍጥነት ብቻ ስለሆነ ካርቦን ያለበት ብረት ላይ ይህ ነገር ሳይጠሩት ይመጣል። ከዚያ ላይ እያንዳንዱ ንብርብር ሲረጋ ይሸማቀቃል፤ ከሥሩ ያለው ግን አይለቀውም። ውስጡ ውጥረት ይታመቃል። ተሰባሪ ብረትና የታመቀ ውጥረት አንድ ላይ ሲገናኙ ዕቃው ገና ማሽኑ ውስጥ እያለ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ካርቦን የበዛባቸውን የመሣሪያ ብረቶች የሚያትሙ ሰዎች መድረኩን 200 ዲግሪና ከዚያ በላይ አሙቀው የሚጀምሩት።

ሌላው መውጫ ካርቦኑን ጨርሶ መተው ነው። ማሬጂንግ የሚባለው ብረት እንዲህ ያለ ነው። በጣም የታወቀው ዓይነት 18 በመቶ ኒኬል፣ 9 በመቶ ኮባልት፣ 5 በመቶ ሞሊብዲነምና ከ1 በመቶ ያነሰ ቲታኒየም አለው። ካርቦኑ ከ0.03 በመቶ አያልፍም። ማርተንሳይቱ ካርቦን ስለሌለው ለስላሳ ነው፤ ሲታተም አይሰነጠቅም። ከማሽኑ ሲወጣ 1,100 ሜጋፓስካል አካባቢ ይሸከማል። ከዚያ 490 ዲግሪ በሆነ ምድጃ ውስጥ 6 ሰዓት ያህል ይቆያል። በዚያ ሰዓት ውስጥ ኒኬሉ ከቲታኒየሙና ከሞሊብዲነሙ ጋር እየተጣመረ በናኖሜትር የሚለኩ ጥቃቅን ፍሬዎች ይሠራል። ዲስሎኬሽኖቹ እነዚህን ሲያገኙ ይቆማሉ። ጥንካሬው ወደ 2,000 ሜጋፓስካል ይወጣል። በምትኩ የመለጠጥ አቅሙ ወደ ጥቂት በመቶ ይወርዳል።

ይህ ብረት ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ቦታ የፕላስቲክ ሻጋታ ነው። ሻጋታ ውስጥ የማቀዝቀዣ ውሃ የሚያልፍበት ቱቦ ያስፈልጋል። መሰርሰሪያ ቀጥ ያለ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚያወጣው። ማተሚያው ግን የሻጋታውን ቅርፅ ተከትሎ የሚጠማዘዝ ቱቦ ይሠራል። ሻጋታው በፍጥነትና በእኩል ይቀዘቅዛል፤ ምርቱም ይፋጠናል።

ማሽኑ ራሱ ምድጃ ሲሆን

እስካሁን ያልተናገርኩት ነገር አለ። አንድ ንብርብር የሚግለው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ከላዩ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አስረኛው ሲታተም የእነሱም ሙቀት ወደ ታች ይወርዳል። የመጀመሪያው መልሶ ያቀልጠዋል፤ ቀጣዮቹ ያግሉታል፤ የኋለኞቹ ያሞቁታል። ማለትም ዕቃው እየተሠራ እያለ ሳይታሰብ ምድጃ ገብቶ እየወጣ ነው።

አብዛኛው ሰው ይህን እንደ ችግር ነበር የሚያየው። በጀርመን ዱሰልዶርፍ ያሉ የማክስ ፕላንክ የብረት ምርምር ተቋም ሰዎች ከላይ ከጠቀስኩት የአኸኑ ተቋም ሰዎች ጋር ሆነው ገልብጠው አዩት። ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ኔቸር ላይ ወጣ። የተጠቀሙት 19 በመቶ ኒኬልና 5 በመቶ ቲታኒየም ያለው ብረት ነው። አሠራሩም ትንሽ ይለያል፤ ዱቄቱ አይነጠፍም፤ ሌዘሩ የሚያቀልጠውን ዱቄት አፍንጫ መሰል መርጫ እየነፋ ያቀርብለታል።

ያደረጉት ነገር ለማመን የሚከብድ ቀላል ነው። ጥቂት ንብርብር ያትማሉ፤ ቆም ይላሉ። እንደገና ያትማሉ፤ ቆም ይላሉ። ይህ ብረት ወደ ማርተንሳይት መለወጥ የሚጀምረው ከ195 ዲግሪ በታች ሲወርድ ነው። ሳይቆሙ ካተሙ ሙቀቱ ተከማችቶ ብረቱ እዚያ አይደርስም፤ ኦስተናይት ሆኖ ይቆያል። ከቆሙ ግን የላይኛው ንብርብር ይቀዘቅዝና ማርተንሳይት ይሆናል። ከዚያ በላዩ ሲታተም የሚወርደው ሙቀት ማርተንሳይቱ ውስጥ የኒኬልና የቲታኒየም ጥቃቅን ፍሬዎችን ይወልዳል። ለማሬጂንጉ 6 ሰዓት ምድጃ የሚሠራለትን ሥራ እዚህ የሠራው ማሽኑ ራሱ ነው።

የወጣው ብረት እንደ ጥንቱ የደማስቆ ጎራዴ ጠንካራና ለስላሳ ድርብ እየተፈራረቀ የተሠራ ነው። 1,300 ሜጋፓስካል ይሸከማል፤ ከመበጠሱ በፊት 10 በመቶ ይለጠጣል። ብረትን እንደጋለ ቀጥቅጥ ይባላል። እዚህ ግን ጥበቡ መቼ ማቀዝቀዝ እንዳለበት ማወቅ ሆነ። እኔን በጣም የሚገርመኝ ጠንካራውን ድርብ ከለስላሳው የለየው የሁለት ደቂቃ ያህል እረፍት መሆኑ ነው። ዱቄቱ ያው ነው። ሌዘሩም ያው ነው።

የነገሩ ሌላኛው ፊትም እዚሁ አለ። የሁለት ደቂቃ እረፍት ብረቱን ይህን ያህል ከለወጠው ሳይታሰብ የሚመጣ እረፍትም ይለውጠዋል። በአንድ መድረክ ላይ 1 ዕቃ ማተምና 10 ዕቃ ማተም አንድ አይደለም። ዕቃዎቹ ከበዙ ሌዘሩ ወደ እያንዳንዱ እስኪመለስ ጊዜ ይፈጃል፤ ያ ጊዜ ማቀዝቀዣ ነው። በዚህ ሒሳብ ዕቃው ከማን ጋር አብሮ እንደታተመም ጥንካሬው ላይ ይጽፋል።

ዱቄቱን የነፋው ጋዝ

የስምና የብረት መለያየት በጣም ጎልቶ የታየው 17-4 ፒኤች በሚባለው ስቴንለስ ላይ ነው። 17 በመቶ ክሮሚየምና 4 በመቶ ኒኬል አለው፤ መዳብም ከ3 እስከ 5 በመቶ ይጨመርበታል። በተለመደው አሠራር ማርተንሳይት ይሆናል። 482 ዲግሪ ላይ ለ1 ሰዓት ሲቆይ መዳቡ እንደ ጥቃቅን ፍሬ ይወጣና ቢያንስ 1,310 ሜጋፓስካል እንዲሸከም ደረጃው ይጠይቃል። ለአውሮፕላን፣ ለመርከብ፣ ለፓምፕ ዕቃዎች ተመራጭ ነው።

ሲታተም ግን አንዳንዱ ጠነከረ፤ አንዳንዱ አልጠነከረም። አንዱ ምክንያት ሲገኝ ከሌዘሩ በፊት የነበረ ነገር ሆኖ ተገኘ። ዱቄቱ የሚሠራው የቀለጠ ብረትን በጋዝ ግፊት በመርጨት ነው። ጋዙ ናይትሮጅን ከሆነ የተወሰነው ብረቱ ውስጥ ይቀራል። ናይትሮጅን ደግሞ ኦስተናይትን ይደግፋል። ስለዚህ ከዚያ ዱቄት የታተመው ዕቃ ማርተንሳይት መሆን ሲገባው ግማሽ ልብ ይሆንና ኦስተናይቱን ይዞ ይቀራል። ምድጃ ቢገባም እንደሚጠበቀው አይጠነክርም። ከአርጎን የመጣው ዱቄት በአብዛኛው ይህ ችግር የለበትም። የምስክር ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም 17-4 ናቸው!

እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲና የአርጎን (Argonne፤ ከጋዙ ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው) ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ይህን ብረት ሌዘር እየመታው በኃይለኛ ኤክስሬይ አዩት። አሰላለፉ በሺህኛ ሴኮንዶች ውስጥ እንዴት እንደሚለወጥ ተከታተሉ። ከዚያ ንጥረ ነገሮቹን በማስተካከል ያለማወላወል ማርተንሳይት የሚሆን 17-4 ለማተም የሚያስችል መንገድ አገኙ። ትልቁ ለውጥ ይህ ይመስለኛል። እስካሁን የሚታተሙት ብረቶች አብዛኞቹ ለመቀጥቀጥ ወይም ለመፍሰስ የተቀመሙ ናቸው። ለሌዘር ተብሎ የተቀመመ ገና ጥቂት ነው።

ቁጥሩ የማያሳየው

ከላይ የጠቀስኳቸው ሜጋፓስካሎች ሁሉ ዘንግን አንድ ጊዜ ጎትቶ በመበጠስ የተገኙ ናቸው። እውነተኛ ዕቃ ግን በአብዛኛው አንድ ጊዜ ተጎትቶ አይበጠስም። ሚሊዮን ጊዜ በመጠኑ እየተወጠረና እየላላ ይደክማል። የብረት ድካም የሚጀምረው ከአማካዩ ሳይሆን ከደካማው ነጥብ ነው። የታተመ ብረት ደግሞ ደካማ ነጥብ አያጣም። ሌዘሩ ከፈጠነ ወይም ከደከመ ያልቀለጠ ዱቄት መሐል ላይ ይቀራል። ከበረታ ብረቱ ይፈላና ጥልቅ ጉድጓድ ይከፍታል፤ ጉድጓዱ ሲዘጋ ጋዝ ይዞ ይዘጋል። የዕቃው ገጽ ራሱ ሻካራ ነው፤ ካልተሞረደ እያንዳንዱ ሸካራ ቦታ የስንጥቅ መነሻ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው አንድ ጊዜ ሲጎተት እጥፍ የጠነከረ ብረት በድካም ሙከራ ላይ እጥፍ የማይቆየው።

የአሜሪካው ሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪዎች ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ሥራ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። አንድ ዓይነት ናቸው የተባሉ ከ1,000 በላይ የታተሙ የስቴንለስ ናሙናዎችን ጎትተው በጠሱ። አብዛኞቹ እንደሚጠበቀው ሆኑ። 2 በመቶ ያህሉ ግን እርስ በርስ የተያያዙ ቀዳዳዎች ነበሩባቸው፤ ከሌሎቹ በጣም ባነሰ መለጠጥ ተበጠሱ። የመጡትም ከአንድ የህትመት ዙር ነበር። አስር ናሙና ብቻ የሚጎትት ሰው እነዚህን ሳያያቸው ሊያልፍ የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው።

ቀዳዳዎቹን መድፈኛ ዘዴ አለ። ዕቃውን 1,100 ዲግሪ በሚሆን ሙቀትና የከባቢ አየርን ሺህ እጥፍ በሚያህል የጋዝ ግፊት ለሰዓታት መጭመቅ ነው። ቀዳዳው ይዘጋል፤ ውጥረቱ ይላላል። ችግሩ 316ኤልን እጥፍ ያጠነከረው ያ የማር እንጀራ መዋቅር ይህን ሙቀት አይችልም። አብሮ ይጠፋል። በድካም የሚቆይ ብረት ይገኛል፤ በዋጋው የሌዘሩ ስጦታ ይመለሳል። የትኛው ይሻላል የሚለው ዕቃው በሚሠራው ሥራ ይወሰናል።

ጥንቃቄው የመጣው ከዚህ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ2018 ለመርከብ የመጀመሪያውን የታተመ ብረት ዕቃ ሲፈቅድ የመረጠው ከእንፋሎት መስመር ላይ ውሃ የሚያስወጣ ትንሽ ማጣሪያ ነበር። ሃሪ ትሩማን በተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ለአንድ ዓመት እንዲሞከር ነው የተፈቀደው። አንዳንዶች ለዚያ ግዙፍ መርከብ ይኼ ምኑ ይወራል ብለው ይሆናል። እኔ ግን ትክክለኛ አካሄድ ይመስለኛል።

ዛሬ ዕቃ የሚያትሙ ድርጅቶች ከዕቃው ጎን የሙከራ ዘንጎች አብረው ያትማሉ። ዘንጎቹ ተጎትተው ከተበጠሱ በኋላ ቁጥራቸው ለዕቃው ይሰጠዋል። ዘንጉ ግን ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው። ዕቃው ደግሞ 2 ሚሊሜትር ግድግዳ፣ ወፍራም መሠረት፣ ከሥሩ ዱቄት ብቻ ያለበት ተንጠልጣይ ጫፍ ይኖረዋል። ስስ ግድግዳው ሙቀቱ የሚሸሽበት ብረት ስለሌለው ግሎ ይቆያል። መሠረቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ተንጠልጣዩ ጫፍ ከሁሉም ይልቅ ይግላል፤ ዱቄት ሙቀት በደንብ አያስተላልፍምና። ስለዚህ ጠንቃቃ የሆኑት ከህትመቱ ዙር አንዱን ዕቃ ይሠዋሉ። ከግድግዳው፣ ከመሠረቱና ከጫፉ ቀጫጭን ናሙና ይቆርጣሉ፤ እያንዳንዱን ለየብቻ ይጎትታሉ። ከአንዱ ዕቃ ሦስት ቁጥር ይወጣል፤ የዕቃው የንድፍ ሥዕል ላይ የሚጻፈው ከሦስቱ ትንሹ ነው።